ሜክ፣ ኦቶቱልስ፣ ሲሜክ ወይስ ሜሶን? ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት የቢልድ ሲስተም አመራረጥ

የቢልድ ሲስተም (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ) ሲመረጥ መታየት ያለበት ኮዱን የጻፈው ሳይሆን አውርዶ ቢልድ የሚያደርገው ሰው ነው። የጻፈው ሰው የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ዱሮ ጭኖታል፤ መጫኑንም ረስቶታል። ያኛው ግን የአድሚን ፓስወርድ በሌለው የላብ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ በሞባይል ዳታ፣ መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስ እየተጣደፈ ነው የሚሞክረው። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ከታች ያለው ንጽጽር “የትኛው የበለጠ ይችላል” አይልም። ሁሉም ይችላሉ። ልዩነቱ ሲበላሹ ነው የሚታየው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ያለ ዲጂታል ሚዛን ክብደቱን በሲሪያል ገመድ ለኮምፒውተር ይልካል። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ፈረሱላ (17 ኪሎ) ይቀይርና ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል። በሲ የተጻፈ ነው፤ 9 የሶርስ ፋይል፣ አንድ የውጭ ላይብረሪና ሦስት ቴስት አለው። ኮዱን የሚያሻሽሉት በኡቡንቱ የሚሠሩ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው እንበል፤ የሚጠቀምበት ደግሞ ዊንዶውስ ያለው የመጋዘን ጸሐፊ።

ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን በንባባቸው ጽፈናል፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜክ ብቻውን

ሜክን ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ ጻፈው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ሶርሱ ከውጤቱ አዲስ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ሥራ። ለሚዛኑ ፕሮግራም 20 መስመር የማትሞላ ሜክፋይል ትበቃለች። ሊኑክስ ላይ ብቻ ለሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ከዚህ በላይ መፈለግ ትርፍ ሥራ ነው።

ጀማሪ የሚሰናከልባት ነገር ትእዛዙ በታብ መጀመር አለበት የምትለዋ ሕግ ናት፤ በስፔስ ከጀመረ “ሚሲንግ ሴፓሬተር” ብሎ ይቆማል። ይህ ቢያንስ ይጮኻል። የሚያስቸግረው የማይጮኸው ነው። የሚዛኑ ስትራክት (የመረጃው አቀማመጥ) ያለበት፣ የሲ ፋይሎቹ የሚጋሩት ሄደር ፋይል ላይ አንድ ፊልድ ጨመራችሁ እንበል። ሜክፋይሉ ላይ ሄደሩ ካልተጠቀሰ፣ ሜክ በዚያው ጊዜ የነካችሁትን የሲ ፋይል ብቻ ኮምፓይል ያደርጋል፤ ሌላኛው በአሮጌው ስትራክት መጠን እንደተሠራ ይቀራል። ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ኤረር የለም፣ ግን 60 ኪሎ የተጫነበት ሚዛን 0 ያነባል። ሰውም ሲሪያል ገመዱን መቀያየር ይጀምራል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መፍትሔው ኮምፓይለሩን “ዳሽ ኤምኤምዲ” እና “ዳሽ ኤምፒ” በሚሉት አማራጮች ማስኬድና የሚወጡትን የዲ ፋይሎች ሜክፋይሉ ውስጥ ኢንክሉድ ማድረግ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ሲስተሞች ይህን ራሳቸው ይሠሩታል።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። ሜክ የሚያየው የፋይሉን ሰዓት ብቻ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ካሉ፣ ዊንዶውስ የማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገር ሰዓት ይጽፋል፣ ኡቡንቱ ግን የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ እኛ ጋ ልዩነቱ 3 ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ኡቡንቱ 3 ሰዓት እንደቀደመ ይሠራል። ኢንተርኔት ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስና ቀድመው የተሠሩት ኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይል የሆኑት) “የወደፊት” ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ኮድ ብታስተካክሉም ሜክ ለ3 ሰዓት ያህል “ሁሉም ዝግጁ ነው” ሊላችሁ ይችላል። ባትሪዋ በሞተ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። “ክሎክ ስኪው” የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ “ሜክ ክሊን” በሉና እንደገና ጀምሩ። ሁለት ሲስተም ለጫነ ሰው ኡቡንቱ ላይ “ታይምዴትሲቲኤል ሴት ሎካል አርቲሲ 1” ማለት ይገላግለዋል። ከሲሜክና ከሜሶን ጀርባ የሚሠራው ኒንጃም ሰዓት ያያልና ሙሉ በሙሉ አያመልጥም።

ሌላም አለ፤ የፎልደር ስም ውስጥ ስፔስ ካለ ሜክ ስሙን ለሁለት ይቆርጠዋል። ዊንዶውስ ላይ “ኒው ፎልደር” ውስጥ የተራገፈ ኮድ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚወድቀው።

ኦቶቱልስ

ኦቶኮንፍ በ1991 በዴቪድ ማኬንዚ ተጀመረ፤ ኦቶሜክና ሊብቱል በኋላ ተጨመሩ። ሦስቱ ተባብረው “ኮንፊገር” የሚባል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስፈልገው መኖሩን የሚፈትሽ የሼል ስክሪፕት ያመርታሉ። ዋናው ጥቅማቸውም እዚህ ነው። ታርቦሉን (የታሸገውን የኮድ ፋይል) የተቀበለ ሰው ሼል፣ ሜክና ኮምፓይለር ካለው ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ፓይተን የለም፣ የሚጫን ቱል የለም፣ ኢንተርኔት የለም። በፍላሽ ተቀብሎ ከመስመር ውጭ ለሚሠራ ሰው እስካሁን ይህን ያህል የሚመች አልተገኘም። “ሜክ ዲስትቼክ” የሚለው ትእዛዝም ታርቦሉን አዘጋጅቶ፣ ሌላ ቦታ ፈትቶ፣ ቢልድ አድርጎ፣ ቴስቶቹን አስኪዶ፣ ጭኖና አራግፎ ያሳያል።

ችግሩ ያለው ከኮዱ ጋር በሚሠራው ሰው ላይ ነው። ታርቦል ሳይሆን ኮዱን ከጊት (የኮድ ለውጦች ከሚመዘገቡበት ሲስተም) ያወረደ ሰው “ኮንፊገር” ፋይሉን አያገኘውም፤ መጀመሪያ “ኦቶሪኮንፍ ዳሽ ዳሽ ኢንስቶል” ማለት አለበት፣ ለዚያ ደግሞ ሦስቱም ቱሎች ይጫኑ። አንዳንዱ ፕሮጀክት ይህን ለማቅለል የመነጨውን ፋይል ጊት ውስጥ ያስገባዋል። ያ ሌላ ችግር ያመጣል፤ ጊት የፋይል ሰዓት አያስቀምጥም፣ ሲወርድ ሁሉም ፋይል የዛሬን ሰዓት ይይዛል። በዕድል ምንጩ ከመነጨው በሰከንድ ክፍልፋይ ቢዘገይ ሜክ “እንደገና ላመንጭ” ይልና “አክሎካል አልተገኘም” ብሎ ይሞታል። የሚፈልገው ደግሞ ልክ የመጀመሪያውን ቨርዥን ነው። ኦቶሪኮንፍን “ዳሽ ኤፍአይ” በሚል አማራጭ እንደገና ማስኬድ ያልፈዋል።

ኮንፊገር ሲወድቅ ስክሪኑ ላይ ያለው የመጨረሻ መስመር ብዙም አይረዳም። “ኮንፊግ ዶት ሎግ” ፋይልን ክፈቱና ከታች ሳይሆን ከመሀል፣ “ፌልድ ፕሮግራም ዋዝ” ከሚለው በላይ ያለውን የኮምፓይለር ኤረር አንብቡ። ዘጠና በመቶ እንበል፣ ምክንያቱ የላይብረሪው ዴቭ ፓኬጅ አለመጫኑ ነው፤ ኤስኪውላይት ራሱ አለ፣ ሄደሮቹን የያዘው “ሊብኤስኪውላይት3 ዴቭ” ግን የለም።

ስለ ኦቶቱልስ ሲነሳ የኤክስዚን (የፋይል መጭመቂያ መሣሪያ ነው) ጉዳይ መዝለል አይቻልም። በ2024 ማርች ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ ሲከታተል፣ የኤክስዚ 5.6.0 እና 5.6.1 ታርቦሎች ውስጥ የተደበቀ የጓዳ በር አገኘ። በሩን የከፈተው የኤም4 ፋይል (ኮንፊገር የሚመነጭበት) ጊት ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው ታርቦሉ ውስጥ ብቻ ነው። ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም የሺህ መስመር የመነጨ ስክሪፕት ማንም አያነብም። ትምህርቱ ግን “ኦቶቱልስ መጥፎ ነው” አይደለም። እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ የሲሜክ ፋይሉም ተነክቶ ነበር፤ የላንድሎክ መከላከያ መኖሩን በሚፈትሽ ትንሽ የሲ ኮድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ነጥቧ ስላለች የሙከራው ኮድ ኮምፓይል አይሆንም፣ ኮምፓይል ስላልሆነ ሲሜክ “ይህ ሲስተም ላንድሎክ የለውም” ብሎ መከላከያውን በዝምታ ያጠፋዋል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ “አለ ወይስ የለም” የሚለው ፍተሻ በስሕተት “የለም” ሊል እንደሚችል አስቡ። መኖር የግድ ለሆነ ነገር ፍተሻው ሲወድቅ ቢልዱ ይቁም እንጂ ዝም ብሎ አይለፍ።

አዲስ ፕሮጀክት በኦቶቱልስ መጀመር አንመክርም። እንደ ጂሲሲ ወይም ኮርዩቲልስ በኦቶቱልስ ላይ ያለ ፕሮጀክት ላይ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ መማር ነው እንጂ መከራከር አይረዳም።

ሲሜክ

ሲሜክ በ2000 ኪትዌር በሚባል ድርጅት ወጣ። ራሱ ቢልድ አያደርግም፤ ለሜክ፣ ለኒንጃ ወይም ለቪዥዋል ስቱዲዮ የሚሆን ፋይል ያመነጫል። ኬዲኢ የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮጀክት ወደ እርሱ ከዞረ ወዲህ የሲ ፕላስ ፕላስ ዓለም የጋራ ቋንቋ ሆኗል ማለት ይቻላል። ኮዳችሁ ሌሎች በፕሮጀክታቸው ውስጥ የሚያስገቡት ላይብረሪ ከሆነ፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ በቪዥዋል ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ከእናንተ ጋር ካለ፣ ምርጫው እዚህ ያበቃል። ሲሜክ ያዙ።

ደካማ ጎኑ ቋንቋው ነው። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው፤ ያልተገለጸ ቫሪያብል ኤረር አይሰጥም፣ ባዶ ሆኖ ያልፋል። አንድ ፊደል ስታችሁ የላይብረሪውን ስም ብትጽፉ ሲሜክ “እሺ” ይልና ስሙን ለሊንከሩ (ኮምፓይል የሆኑትን አያይዞ ፕሮግራም ለሚያደርገው) ያሳልፈዋል፤ ኤረሩ የሚመጣው ሁሉም ፋይል ኮምፓይል ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። መድኃኒቱ ባለሁለት ኮለን ስሞችን መጠቀም ነው፤ “ኤስኪውላይት ኮለን ኮለን ኤስኪውላይት3” ብላችሁ ስትጽፉ ሲሜክ ይህ ታርጌት እንጂ ተራ ስም አለመሆኑን ያውቃል፤ ከሌለ ኮንፊገር ላይ ወዲያው ያቆማል።

ቨርዥን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ 20.04 ሲሜክ 3.16 ይዞ ይመጣል፣ 22.04 ደግሞ 3.22፣ 24.04 ደግሞ 3.28። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ናሙና ገልብጣችሁ ዝቅተኛውን ቨርዥን 3.24 ብታደርጉ 22.04 ያለው ተማሪ ገና መግቢያው ላይ ይቆማል፤ እርሱ ደግሞ አዲስ ለማውረድ ዳታውን አያወጣም፣ ፕሮጀክቱን ነው የሚተወው። በሌላ በኩል በ2025 የወጣው ሲሜክ 4.0 ከ3.5 በታች የሚሉ ፕሮጀክቶችን አይቀበልም። ስለዚህ “ከ3.16 እስከ 3.28” ብሎ በሦስት ነጥብ ክልል መስጠት ሁለቱንም ያስታርቃል። የሌላ ሰው አሮጌ ኮድ 4.0 ላይ እምቢ ካለ፣ ኮዱን ሳትነኩ “ሲሜክ ፖሊሲ ቨርዥን ሚኒመም” የሚለውን ቫሪያብል 3.5 አድርጋችሁ መሞከር ይቻላል።

“ፌችኮንቴንት” የሚባለው ዘዴ ላይብረሪውን ኮንፊገር ሲደረግ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ናሙናው ያምራል፣ ግን ኔትዎርክ ሲቆራረጥ ኮንፊገር መሀል ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ሲስተሙ ላይ ያለውን “ፋይንድ ፓኬጅ” ይፈልግ፣ ማውረድ ተጠቃሚው ሲፈቅድ ብቻ የሚበራ አማራጭ ይሁን።

አንድ የተለመደ ጥያቄ፤ “የላብ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ላፕቶፔ ላይ ለምን እምቢ አለ?” የቢልድ ፎልደሩ አብሮ ስለተገለበጠ ነው። “ሲሜክ ካሽ” ፋይል ውስጥ ሙሉ የፎልደር አድራሻ ተጽፏል። የቢልድ ፎልደሩን ሰርዙና እንደገና ኮንፊገር አድርጉ።

ሜሶን

ሜሶንን ዩሲ ፓካነን በ2013 አወጣው። ከታወቁት ፕሮጀክቶች ሲስተምዲ በ2017፣ ኪውኢሙ በ2020 ወደ እርሱ ዞሩ፤ ፖስትግሬስኪውኤል ደግሞ በ2023 በወጣው 16ኛው ቨርዥን ከኦቶኮንፍ ጎን ጨመረው። የሚዛኑ ፕሮግራም በሜሶን ሦስት ነገር ነው የሚጠይቀው፤ ፕሮጀክቱን በስሙና በቋንቋው ማስተዋወቅ፣ ኤስኪውላይትን “ዲፔንደንሲ” ብሎ መጥራት፣ 9ኙን ፋይሎች ዘርዝሮ “ኤክሰኪዩተብል” ማለት። ከዚያ “ሜሶን ሴትአፕ ቢልድ”፣ ቀጥሎ “ሜሶን ኮምፓይል ዳሽ ሲ ቢልድ”፣ በቃ። ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተማሪ ያለ አስተማሪ ያነበዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰዉ የቢልድ ፋይሉን ማንበብ ሲችል ነው ማስተካከያ የሚልከው።

ሆን ተብለው የተከለከሉ ነገሮች አሉ። የራስ ፈንክሽን መጻፍ አይቻልም። ፋይሎቹን በኮከብ ምልክት ጠቅልሎ መጥራትም አይቻልም፤ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኛ ግን ከሜሶን ጋር ነን፤ ሲሜክ ላይ “ግሎብ” የተጠቀመ ፕሮጀክት አዲስ ፋይል ሲጨመር ሳያውቀው ይቀርና ሊንከሩ “ይህ ፈንክሽን የለም” ይላል፣ ግማሽ ቀንም እዚያ ያልፋል።

ኪሳራው ፓይተን መፈለጉ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን አለና ጉዳዩ አይደለም፤ ተራ ዊንዶውስ ላይ ግን አንድ የሚጫን ነገር ይጨምራል። የኡቡንቱ 22.04 ሜሶን 0.61 ነው፣ የ24.04 ደግሞ 1.3። አዲስ ለማግኘት በፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ለራሱ ብቻ የጫነ ሰው “ሱዶ ሜሶን ኢንስቶል” ሲል ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ ሩት (አድሚኑ) በተጠቃሚው ፒፕ የተጫነውን ስለማያይ “ሞጁሉ የለም” ይላል። ወይ የኡቡንቱን ተጠቀሙ፣ ወይ በራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ባለ ፕሪፊክስ (የመጫኛ ቦታ) ያለ ሱዶ ጫኑ። ለላብ ኮምፒውተር ይህኛው ይሻላል።

ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ሜሶን ከሲሜክ ይልቅ ያስባል። ላይብረሪው ሲስተሙ ላይ ከሌለ “ራፕ” በሚባል ፋይል ይወርዳል፤ “ራፕ ሞድ” ን “ኖዳውንሎድ” ካላችሁት ግን ኔትዎርክ አይነካም። ዳታ ርካሽ ሲሆን፣ ሌሊት እንበል፣ “ሜሶን ሰብፕሮጀክትስ ዳውንሎድ” ብላችሁ አንድ ጊዜ አውርዱ፤ ታርቦሎቹ “ፓኬጅካሽ” ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ፣ በፍላሽ ለሌላውም ይዳረሳሉ።

ፍጥነት የሚያወዳድር ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ምንም ሳትነግሩት ኦቶቱልስ “ኦ2” በሚባለው ማመቻቸት ኮምፓይል ያደርጋል፤ ሜሶን ዲባግ ነው፣ ማመቻቸት የለውም፤ ሲሜክ ደግሞ ባዶ ነው፣ ማመቻቸትም ዲባግም የለውም። ሦስቱን እንዳሉ አስኪዶ “ከሜሶን በኋላ ፕሮግራሙ ዘገየ” ማለት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ሜሶን ላይ “ቢልድታይፕ ሪሊዝ”፣ ሲሜክ ላይ “ሲሜክ ቢልድ ታይፕ ሪሊዝ” ብላችሁ አወዳድሩ።

ባዜል፣ ኤስኮንስና ሌሎች

ባዜል ጉግል በ2015 የከፈተው ነው፤ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ግዙፍ ኮድ በአንድ ማከማቻ ላለው ድርጅት ይጠቅማል። ለ9 ፋይል ፕሮግራም ባዜልን ማምጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ራሱ ትልቅ ነው፣ ራምም ይወዳል። ኤስኮንስ በፓይተን ነው፣ ለማንበብ ደስ ይላል፣ ኮዱ ሲያድግ ግን ይዘገያል። በረስት ወይም በጎ የሚጽፍ ሰው የቋንቋው የራሱ መሣሪያ ስላለው ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

ራምና ፍላሽ

ሜክ ካልነገራችሁት በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ነው የሚሠራው። ኒንጃ ግን አራት ኮር ካየ ስድስት ሥራ አብሮ ይጀምራል። ለሲ ኮድ ችግር የለውም። ቴምፕሌት የበዛበት ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ግን አንዱ ፋይል ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ሊበላ ይችላል፤ 4 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ማውሱ ሳይቀር ይደርቃል፣ ወይም ኮምፓይለሩ “ኪልድ” ተብሎ ይሞታል። “ዳሽ ጄ 2” በሉት። የሚያንቀው ሊንኪንግ ብቻ ከሆነ ሜሶን ላይ “ባክኤንድ ማክስ ሊንክስ” ን 1 አድርጉ። ሪድሚ ላይ ይህን አንድ መስመር መጻፍ ብዙ ሰው ያድናል።

ኮድ በፍላሽ ስትሰጡ በታርቦል ስጡ፤ ፎልደሩን እንዳለ አትገልብጡ። ፋት32 ሲምሊንክ አያውቅም፣ የፋይል ሰዓትንም በ2 ሰከንድ እርምጃ ነው የሚይዘው። የተጫነ ላይብረሪ በዚያ መንገድ ሲገለበጥ የቨርዥን ሊንኮቹ ይጠፋሉ።

ለሚዛኑ ፕሮግራም የትኛው?

ሜሶን። የመጋዘኑ ጸሐፊ ቢልድ አያደርግም፤ የሚፈልገው የሚከፈት ፕሮግራም ነው። ተማሪዎቹ ኡቡንቱ ላይ በሚንጂደብሊው ኮምፓይለር የዊንዶውሱን ፕሮግራም ማውጣት ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው ኮምፓይለሩንና የማሽኑን ዓይነት የሚናገር የአሥር መስመር ያህል ክሮስ ፋይል ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ በቪዥዋል ስቱዲዮ ካልሆነ አልሠራም ካለ፣ ወይም የፈረሱላው ስሌት ተነጥሎ የሌሎች ላይብረሪ ከሆነ ወደ ሲሜክ እናዘነብላለን።

ያለውን ለመቀየር

የሚሠራ ኦቶቱልስ ካላችሁና የሚያማርር ሰው ከሌለ ተዉት። ከቀየራችሁ ሁለቱን ቢያንስ ለአንድ ሪሊዝ ጎን ለጎን አቆዩ። ሁለቱንም “ዴስትዲር” በሚለው ቫሪያብል ወደ ሁለት ባዶ ፎልደሮች ጫኑና የፋይል ዝርዝሩን በ“ዲፍ” አወዳድሩ፤ የጠፋ ማንዋል ገጽ ወይም የትርጉም ፋይል ወዲያው ይታያል።

“ኮንፊግ ዶት ኤች” ላይ ቆም በሉ። ኦቶኮንፍ የሌለን ነገር ጭራሽ አይገልጸውም፤ ስለዚህ ኮዱ “ኢፍዴፍ” እያለ ይጠይቃል። ሜሶን ላይ 0 ብላችሁ ከሰጣችሁት ግን “ተገልጿል፣ ዋጋው 0 ነው” ይሆንና “ኢፍዴፍ” አለ ብሎ ያልፋል፤ የሌለውን ነገር ያለ አስመስሎ ኮምፓይል ያደርጋል። በ0 ፈንታ “ፎልስ” ስጡት። ሲሜክ ላይም “ሲሜክዲፋይን” እና “ሲሜክዲፋይን01” የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ታርቦሉን ከማውጣታችሁ በፊት ሜሶን ላይ “ሜሶን ዲስት”፣ ኦቶቱልስ ላይ “ሜክ ዲስትቼክ” አስኪዱ። “ሜሶን ዲስት” ጊት ውስጥ ኮሚት ያልሆነን ለውጥ አይወስድምና አስቀድማችሁ ኮሚት አድርጉ። ከዚያ የተገኘውን ታርቦል ዴቭ ፓኬጆች ያልተጫኑበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፍቱት፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ሪድሚው ላይ የጻፋችሁትን ብቻ ተከተሉ። የወደቀበትን መስመር ሪድሚው ላይ ጨምሩ።